አራት ማዕዘኑ ቀዳዳ

ሥራ ያቆምኩ ዕለት ማናጀሩ ኬክ አስቆርጦ «ማማ፣ ከእንግዲህ ዕረፍት ነው» አለኝ። አጨበጨቡ። እኔ ግን ኬኩን በእጄ ይዤ የማየው ከጓሮ ያለችውን የቆርቆሮ ክፍል ነበር። ቁልፏ ተቀይሯል። ውስጧ የፕሪንተር ካርቶን ሞልቶባታል። ሰው ጡረታ ሲወጣ የሠራበት ቤት እንኳ ከኋላው ይቀራል፤ የእኔ ቀድሞኝ ሄደ።

ትምህርት ቤት የሚባል አልገባሁም። ፊደል ያስቆጠረኝ ባሌ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና። የነዳጅ ቦቴ ሾፌር ነበር፤ ከመንገድ ሲመለስ አሮጌ ጋዜጣ ዘርግቶ ጣቴን ይዞ እያስኬደ ነው ያስተማረኝ። ስለዚህ ጽሑፌ ወዲያና ወዲህ ቢል አትፍረዱብኝ። ሳወራም እንዲሁ ነኝ፤ ገበያ ብዬ ወጥቼ ለቅሶ ቤት የምገኝ ሴት ነኝ።

ጁባ የመጣሁት ልጄ ስትወልድ ላርሳት ነው። አማቼ ጁባ ታውን ውስጥ የጅምላ ሱቅ አለው፤ ዘይት፣ ሳሙና፣ ፓስታ። እስክትጠና ብዬ የመጣሁት ሴትዮ፣ ሕፃኑ ዳዴ ሲል ልየው፣ ሲሄድ ልየው እያልኩ ቀረሁ። ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ ቤቱ ዝም አለብኝ። በዚያ ሰሞን አማቼ ዕቃ የሚያስጭንበት የካርጎ ድርጅት ጽዳት ሠራተኛ ይፈልጋል ሲል ሰማሁና «እኔ አለሁ» አልኩ። ልጄ አኮረፈች።

«እማዬ፣ ሰው ምን ይለናል?»

«ያሻውን ይበል። እኔ ቁጭ ብዬ ግድግዳ ማየት አልችልም።»

ድርጅቱ ከሞምባሳ በኒሙሌ ድንበር በኩል በመኪና የሚመጣ ኬሚካል ይቀበላል። ከዚያ በጀልባና በአውሮፕላን ወደ ላይ፣ ወደ ነዳጅ ማውጫው ይልካል። መንገዱ ረጅም ነው፤ ዝናቡም አይምርም። በርሜሉ እኛ ጋ ሲደርስ ምልክቱ ረግፎ፣ ወረቀቱ ጠፍቶ ወይም የሌላውን ወረቀት ይዞ ይገኛል። ምን እንደሆነ ያልታወቀን ነገር አውሮፕላን ሆድ ውስጥ መክተት ደግሞ ሰው መግደል ነው። ለዚህ ነበር ያቺ የቆርቆሮ ክፍል። ይቃጠላል? ብረት ይበላል? ሌላውን ያነዳል? ተብሎ ይፈተንና፣ በጫፉ የቆመ አራት ማዕዘን፣ ባለ ሥዕል ምልክት ይለጠፍበታል። የፈረንጅ ፊደል አላውቅም፤ ምልክቶቹን የማውቃቸው በሥዕላቸው ነው። ነበልባሉ፣ የራስ ቅሉ፣ እጅ የሚበላው።

ክፍሉ የአቶ ስዩም ነበር። ኬሚስት ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከእኔ ብዙም አይርቅም፤ ቀጭን፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው። ልጠርግ የገባሁ ዕለት መጥረጊያዬን ይዤ በር ላይ አስቆሙኝና፦

«እትዬ አስካለ፣ እዚህ ቤት ያለው ሁሉ ውሃ ይመስላል። ውሃ ግን የለም። ይህን ካልረሱ ሌላውን ቀስ ብለን እንማማራለን» አሉኝ።

ቀስ ብለን ተማማርን። ከመጥረግ ወደ ማጠብ፣ ከማጠብ ወደ መያዝ፣ ከመያዝ ወደ መፈተን አለፍኩ። አንዲት ክዳን ያላት የነሐስ ጽዋ አለች። ፈሳሹ እዚያ ይገባል፤ ከሥር ቀስ ተብሎ ይሞቃል፤ በየጊዜው ክዳኗ ከፈት ይልና ትንሽ እሳት አንገቷን ታስገባለች። እንፋሎቱ ብልጭ ያለበት ሙቀት ይያዛል። ነገሩ ሲወራ ቀላል ነው። ጁባ ግን ገና ምድጃው ሳይለኮስ ፈሳሹ ሞቆ ይጠብቅሃል። ስለዚህ ከወንዙ ዳር ዓሣ ነጋዴዎች በረዶ እገዛለሁ፤ ጽዋዋን መጀመሪያ እናቀዘቅዛለን። ክፍላችን ሁልጊዜ ዓሣ ዓሣ ይሸት ነበር። እንግዳ ሲመጣ «ምሳ ደረሰ?» ይለናል።

ዱቄት የሆነውን ደግሞ በሰሌዳ ላይ በቀጭኑ አስረዝሜ አፈስሰውና አንዱን ጫፍ እለኩሳለሁ፤ እሳቱ እንዴት እንደሚሮጥ ይታያል። አሲድ የተጠረጠረውን በብርጭቆ ወረቀት ያሸሁትን ቁራጭ ብረት ነክሬ፣ በሞቀ ውሃ ገንዳ ላይ አስቀምጬ መጠበቅ ነው። መብራት ሲጠፋ ገንዳው ይቀዘቅዛል፤ እንደገና ከሀ። ጥበቃ ነበር ሥራችን። ዝም ብሎ አጠገቡ ቁጭ ብሎ፣ ክፉ መሆኑን እስኪናገር መጠበቅ።

የአቶ ስዩምን ልማድ ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። ሰው ከሽንት ቤት ሲወጣ ይታጠባል፤ እሳቸው ከመግባታቸው በፊት ነው የሚታጠቡት። «የነካሁትን አላውቅምና ለራሴ አላደርሰውም» ይላሉ። አፍንጫቸውን ወደ ጠርሙስ አያስጠጉም፤ በመዳፋቸው ሽታውን ወደ ራሳቸው ያራግባሉ። ግቢ ውስጥ በርሜል ፊት ከመቆማቸው በፊት ከመሬት አፈር ቆንጥረው ይበትናሉ፤ ነፋሱ ከወዴት እንደሆነ ለማየት። ደግሞ አንድ ቃል ከአፋቸው አይወጣም፤ «ምንም የለውም» የሚለው። ፈትነው ፈትነው ክፉ ነገር ካጡበት «አልታየኝም» ነው የሚሉት።

«ያው አይደለም እንዴ?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«አይደለም። ምንም የለውም ማለት ስለ ዕቃው መማል ነው። አልታየኝም ማለት ስለ ዓይኔ መናገር ነው።»

መርዝ ነበር የሚያስጨንቃቸው። እሳት ብልጭ ይላል፣ አሲድ ብረቱን ይበላል፤ መርዝ ግን በእኛ ቤት መልክ የለውም። እሱን የሚለይ መሣሪያ አልነበረንም። ስለዚህ አንድ ሕግ ነበራቸው።

«የማያውቁት ሲመጣ ከሁሉ የከፋውን ምልክት ይለጥፉበት። ክፉ ሆኖ ከተገኘ ተርፈናል። ካልሆነ ይቅርታ እንጠይቀዋለን።»

«በርሜልን ይቅርታ?»

«ምን አለበት? እሱ አይቀየም።»

አሁን ወደ በርሜሉ ልምጣ። ባዶ በርሜል ከሙሉው ይከፋል፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ፈሳሹ ቢያልቅም እንፋሎቱ ታምቆ ይቀመጣል፤ መርዝም ከሆነ ከፕላስቲኩ ሆድ ታጥቦ አይወጣም። ጁባ ደግሞ ውሃ በታንከር የሚገዛበት ከተማ ነው፤ ሰማያዊ በርሜል ያለው ቤት ሀብታም ነው። ስለዚህ አቶ ስዩም ሳይበሱ አንድም ባዶ በርሜል ከግቢ አያስወጡም ነበር። ሲበሱም በዘፈቀደ አይደለም። መጀመሪያ በርሜሉ አፉ ድረስ ውሃ ይሞላል፤ እንፋሎቱ እንዲወጣና ብልጭታ ቢኖር እንዳይፈነዳ። ከዚያ የነሐስ መብሻና መዶሻ ይዘው ያጎነብሱና ከታች፣ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ ጎኑን ይበሱታል። ከታች የሆነው ውሃው ሁሉ ራሱ እንዲፈስ ነው፤ ለመገልበጥ ከባድ ነዋ። መብሻው የተሠራው እዚሁ ጁባ ብረት ሠሪ ቤት ነው፤ አራት ጎን ነበረው። ስለዚህ ቀዳዳው አራት ማዕዘን ነው።

እንግዲህ አስቡት። ከአጥሩ ውጭ ሴቶች ጄሪካን ይዘው ታንከር ይጠብቃሉ። ከአጥሩ ውስጥ እኛ በርሜል ውሃ እንሞላና ቀደን እናፈሰዋለን። «ሞያ! ሞያ!» ይላሉ፤ ውሃ ማለት ነው በጁባ ዓረብኛ። ይረግሙናል። አቶ ስዩም ፊታቸውን ወደ እነሱ ሳያዞሩ ይበሳሉ። አንድ ቀን መብሻውን እየጠረጉ «እነሱ የሚሉት ውሸት የለበትም። እኔም የማደርገው ስሕተት የለበትም። ታዲያ ምን ይደረግ?» አሉኝ።

በአጥሩ በኩል የምትሥቅብን ኛማል የምትባል ሴት ነበረች። ከበሩ አጠገብ ኒም ዛፍ ሥር ለሾፌሮች ሻይ ትሸጣለች። ኑዌር ናት፤ ጋምቤላ ተወልዳ ስላደገች አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥናል። ሀገሬ ብላ ገባች፤ ጦርነቱ መጣ፤ ከተፈናቃዮች ጋር ማንጋቴን ሰፈረች፤ ሌላው ሲሄድ እሷ በዚያው ቀረች። አንቱታ አታውቅም።

«አቶ ስዩም! ዛሬም በርሜሉን አጠጣኸው? በል ምሳም አብላው!»

«አንቺ ሻይሽን ቅጂ።»

«በምን ውሃ? አንተ መሬት በደፋኸው?»

ትንሽ ልጇ ኛጋይ ከምድጃው አጠገብ ቁጭ ብላ ብርጭቆ ታለቀልቃለች። የአቶ ስዩምን ልማድ ሰርቃለች። ሻይ ሲቀርብላቸው ቀድማ በመዳፏ እንፋሎቱን ወደ አፍንጫዋ ታራግብና ዓይኗን ጨፍና ትቆያለች፤ ከዚያ «ይነዳል!» ትላለች። እሳቸው የማይሥቁት ሰውዬ ይሥቃሉ። አንድ ቀን ጠርዙ የተቀደደ የነበልባል ምልክት አመጡላትና የእናቷ ምድጃ ላይ ለጠፈችው። ሾፌሮቹ «የኛማል ሻይ አደገኛ ነው» እያሉ ይቀልዱ ነበር።

አንድ ጠዋት ኛማል እየዘፈነች መጣች።

«እማማ፣ ወገቤ ዐረፈ! ጀበል ገበያ በርሜል ገዛሁ። ቧንቧ ያለው! ቁጭ ብዬ እንደ ሀብታም ከፈት አድርጌ ነው የምቀዳው።»

«እንግዲህ ግብር ክፈያ» አሏት አቶ ስዩም ሻዩን እየጠጡ።

ሣቅን። ለብዙ ጊዜ በዚያ ውሃ የፈላ ሻይ ጠጣን።

ክረምቱ ሲገባ ኛጋይ ቀረች። ሆዷን ነው አለች እናቷ። ክሊኒክ ታይፎይድ ነው አሉ፤ ቆይተው ወባ አለባት አሉ፤ ሲብስ ሌላ ሐኪም ደግሞ ራሱን ነቀነቀ። ኛማል ሻዩን ለጎረቤት ትታ ልጇን ይዛ ተንከራተተች። አንድ ጠዋት ኒሙ ሥር ምድጃው ሳይለኮስ ቀረ። ኛጋይ ማረፏን ሾፌሮቹ ናቸው የነገሩን።

ለቅሶ ማንጋቴን ሄድን። ወንዶቹ በሸራ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል፤ ኛማል ቤት ውስጥ መሬት ላይ ነች። አቶ ስዩም ብዙ ከተቀመጡ በኋላ ተነሡ፤ ሽንት ቤት ሊሄዱ ነው። እንደ ልማዳቸው መጀመሪያ መታጠብ አለባቸው። ከደጁ ወደ በርሜሉ ሄዱ። ቧንቧውን ሊከፍቱ ጎንበስ አሉ፤ ከዚያ አልተነሡም።

ምን ነካቸው ብዬ ሄድኩ። ጣታቸው ቧንቧው ዙሪያ ይዞራል። ክቡ ቧንቧ የገባው አራት ማዕዘን ቀዳዳ ውስጥ ነው፤ አራቱ ማዕዘኖች በካላማዳሪያ ቁራጭ ተወትፈዋል። ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ ከታች፣ ጎኑ ላይ። ለቧንቧ ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም።

«የእኔ ነው» አሉኝ በቀስታ። «እኔ ነኝ የበሳሁላት።»

ከግቢያችን የሚወጡት በርሜሎች ተፈጭተው ፕላስቲክ ይሆናሉ ተብሎ ነበር የሚጫኑት። ጀበል ሄጄ አየሁ በኋላ። ተደርድረዋል፤ ሁሉም ቧንቧ አላቸው። ሻጩ በዓረብኛ ሲያስረዳኝ፣ ይሄ ከሌላው ይወደዳል፣ ቀዳዳው ከፋብሪካ ለቧንቧ ተብሎ የተሠራ ነው አለኝ። እኛ ሰው ውሃ እንዳይዝበት ብለን የበሳነው፣ ሰው የሚፈልገው በርሜል ሆኖ ነበር። ያን ያህል ውሃ ደፍተን፣ ያን ያህል ተረግመን።

አቶ ስዩም ከዚያ በርሜል በጠርሙስ ውሃ ቀድተው ወሰዱ። አሲድ ሲነካው ቀለሙ የሚለወጠውን ወረቀት ነከሩበት፤ አልተለወጠም። በጽዋዋ አሞቁት፤ ብልጭ አላለም። ብረት ጨመሩበት፤ ብረቱ እንደነበረ ነው። በርሜሉ ላይ የድሮ ምልክት ሙጫ ብቻ ቀርቷል፤ ሳሙና ሊሆን ይችላል የያዘው፣ ከሁሉ የከፋውም ሊሆን ይችላል። ጠርሙሱን በመስኮት ብርሃን አንሥተው ሲያዩት ቆዩ።

«እህሳ?» አልኳቸው።

«አልታየኝም።»

«ሁላችንም ሻይዋን ጠጥተናል እኮ። ምን ሆንን?»

«እኛ ትልልቅ ነን። እሷ ይህችን ታህል ነበረች» አሉና እጃቸውን ከጠረጴዛው ዝቅ አድርገው አሳዩኝ።

በማግስቱ አዲስ በርሜል፣ ከሱቅ የወጣ፣ ምንም ያልነካው፣ ፒክአፕ ላይ አስጭነው አብረን ማንጋቴን ተመለስን። ሌሎች ሁለት ልጆች አሉ፤ ያን በርሜል እዚያ ቤት ማሳደር አይቻልም። ሕጋቸው ነው፤ የማታውቀውን ከከፋው መድበው። እኔም ልክ ናቸው ብዬ ነው የሄድኩት፤ ዛሬም ልክ አልነበሩም ማለት አልችልም።

አሮጌውን ደፍተን ስንጭን ኛማል ከቤት ወጣች። ፀጉሯን ተላጭታለች። አዲሱን አየች፤ አሮጌውን አየች።

«ምን ልታደርጉት ነው?»

«ለጥንቃቄ ነው፣ ኛማል» አሉ አቶ ስዩም።

«የምን ጥንቃቄ?»

አቶ ስዩም የጭነቱን ገመድ ማጥበቅ ያዙ።

«አቶ ስዩም፣ በርሜሉ ምንም የለውም በለኝ።»

ሌላ ምንም አልጠየቀቻቸውም። አንድ ቃል ነው። አፋቸው ሲከፈት አየሁ። ያን ቃል ተናግረው አያውቁም፤ ምላሳቸው መንገዱን አያውቀውም።

«አልታየኝም» አሉ።

«ካልጎዳ ለምን ትወስደዋለህ?» አለች። ወደ እኔ ዞረች። «እማማ፣ አንቺ ንገሪኝ።»

«አላውቅም ልጄ» አልኳት። እውነት ነበር፤ ዛሬም አላውቅም።

ጭንቅላቷን ነቀነቀች፤ አልጮኸችም፤ ደረቷን አልመታችም። «እኔ ነኝ የገዛሁት» አለች። «ቧንቧ አለው ብዬ።» እና ወደ ቤት ገባች።

ፒክአፑ ውስጥ አቶ ስዩም ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እትዬ፣ የከፋውን ምልክት የለጠፍኩት በርሜሉ ላይ አይደለም፤ እሷ ላይ ነው።»

ከዚያ በኋላ በርሜል መብሳት ትተው በመጋዝ አራት ቦታ መቁረጥ ጀመሩ። ማናጀሩ ጊዜ ይፈጃል አላቸው፤ የተቆረጠውን የሚገዛን የለም አላቸው። ተከራከሩ፤ ተሸነፉ። ቀጥሎ አዲሱ አሠራር መጣ፤ ፈተና ቀረ፤ ላኪው በወረቀት የጻፈው ኮምፒውተር ላይ ይገባና ምልክቱ ራሱ ታትሞ ይወጣል። ላኪው ሳሙና ካለ ሳሙና ነው። አቶ ስዩም አንድ ጠዋት መብሻቸውን ጨርቅ ጠቅልለው ለእኔ ሰጥተውኝ አዲስ አበባ ተመለሱ። እኔ ምልክት ለጣፊ ሆኜ ጡረታዬን ጠበቅሁ። የምለጥፈውን ነገር አላየሁትም፣ አላሸተትኩትም።

በዓል ሲሆን ይደውላሉ። የልጅ ልጄን ጤና ይጠይቃሉ፤ ከዚያ «ኛማል ሻይ ጀመረች?» ይላሉ። «አልጀመረችም» እላለሁ። ስልኩ ዝም ይላል። ኔትወርክ ነው ብዬ እዘጋዋለሁ። ዘንድሮ ለፋሲካ አልደወሉም።

ሻይ ልትጀምር ሞክራ ነበር። ሰው ግን እሷን መጠበቅ አልቻለም። ምኑን መጠበቅ እንዳቃተው ልንገራችሁ፤ ባለፈው ሳምንት ሄጄ ነበርና።

ፀሐዩ አናት የሚበሳ ነው። ማንጋቴን እስክደርስ ከንፈሬ ደረቀ። አቶ ስዩም የገዙላት በርሜል ደጅ ላይ ተደፍቶ አለ፤ ልጆቿ ይቀመጡበታል። ውሃ ገብቶበት አያውቅም። ውሃ የምታመጣው በትንንሽ ጄሪካን ነው፤ ወገቧ ጎብጧል፤ ገና ወጣት ናት እኮ። ምድጃው ጥግ ላይ አመድ ለብሷል። ነበልባሉ ምልክት አሁንም አለበት፤ ቀለሙ ነጥቶ።

«ውሃ ልስጥሽ እማማ» አለችና በኩባያ ቀዳች። ለእኔ ግን አልሰጠችኝም። ራሷ ተጎነጨች። አጠገቤ ተቀመጠች። ኩባያውን በመካከላችን መሬት ላይ አኖረችው። መዳፏን ሆዷ ላይ አደረገች።

«ቆይ» አለችኝ።

ለሁሉም እንዲህ ናት። ለልጆቿ፣ ለጎረቤት፣ ሻይ ለጠየቀ ሾፌር። ቀድማ ትቀምሳለች፤ ከዚያ ትጠብቃለች። እኛ ብረቱን ነክረን ገንዳው አጠገብ የምንቀመጠው እንዲህ ነበር፤ ዓይናችንን ሳንነቅል፣ ክፉ መሆኑን እስኪናገር። እሷ የነከረችው ራሷን ነው።

ያን ጊዜ ያልወጣውን ቃል አወጣሁት። መማል ከሆነም ልማል አልኩ።

«ምንም የለውም፣ ኛማል። ስጪኝ ልጄ።»

ቀና ብላ አላየችኝም። ዓይኗ ኩባያው ላይ ነው።

«ቆይ እማማ» አለች።

ጠበቅሁ።